የረቡዕ ዕለት ወተት
(እንግዳ ስለ መሆንና እንግዳ ስለ መቀበል)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ በክፍላችን ሁለት እሑድ ሙሉ አከራክሮን ሳይቋጭ የቀረ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ የማናውቀው፣ ዳግመኛም የማናገኘው ሰው ሳንለምነው መልካም ቢያደርግልን ዕዳው በምን ይከፈላል? ደግሞስ የሚሰጠን ነገር እኛ በሥርዓታችን ልንቀበለው የማይገባን ቢሆን ምን እናድርግ? ጥያቄው የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገድ ነው። ስለዚህ አስቀድመን መንገዱን እንናገር።

በ2012 ዓ.ም. መስከረም፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ሆነን ከአሰላ በበቆጂና በሜራሮ በኩል እስከ ዶዶላ በብስክሌት ለመሄድ ተነሣን። የራሳችን የሆኑት ብስክሌቶች ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት የአጎት፣ የጎረቤት፣ አንዱም የጎሚስታው ነበር። በየከተማው ያሉትን የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞችና እኅቶች እንጠይቃለን ብለን አስፈቀድን። እውነቱን ለመናገር ግን ከዓላማችን ግማሹ ብስክሌት መንዳት ነበር።

ከአሰላ ስንወጣ ጭላሎ በግራችን ነበር፤ ደመና ስለ ለበሰ አናቱ አይታይም። አሰላ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ በቆጂ ደግሞ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ስለዚህ መንገዱ ለዓይን ሜዳ ቢመስልም ለእግር ዳገት ነው። በሳጉሬ በኩል ስናልፍ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር፤ የባቄላው አበባ ሽታው አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። ይህ አገር ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራ መሆኑን ሁላችንም በወሬ እናውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን በሳንባችን አወቅነው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ለጨዋታ ብለው ከጎናችን እየሮጡ በዳገቱ ላይ ጥለውን ይሄዱ ነበር። አንዱ ልጅማ አዝኖልን ብስክሌቱን ከኋላ ይገፋ ጀመር። እንግዲህ የመጀመሪያው ረዳታችን እርሱ ነው፤ ዕድሜው ዘጠኝ ቢሞላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚደረግ ረጅም የብስክሌት ጉዞ አለ። ተጓዦቹ በአገራችን ሲያልፉ ልጆች ድንጋይ እንደሚወረውሩባቸው ደጋግመው ጽፈዋል። ይህን ስንሰማ እናፍራለን፤ እንግዳ ተቀባይ ነን የምንለው ወዴት ሄደ እንላለን። እኛም በሁለተኛው ቀን ከአንድ ቁልቁለት በታች ሁለት ድንጋይ ተወርውሮብናል፤ አልነካንም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልን። ድንጋይ የተወረወረብን በቁልቁለት ስንበር ነው፤ በዳገት እያለከለክን ስንገፋ አንድም ጊዜ አልተወረወረብንም። ምክንያቱ ልጆቹ ዳገት ላይ ስለሚያዝኑ ብቻ አይመስለንም። በአገራችን ልማድ እንግዳ የሚባለው ሰላምታ የሰጠ ሰው ነው። ሰው ሰላም ሳይል በደጃፍ ሲያልፍ እንግዳ አይደለም፤ ወይ ጠላት ነው ወይ እብድ ነው ወይ መኪና ነው። ብስክሌት ደግሞ ሰው መሆኑ እስኪታይ ድረስ ቀርፋፋ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ለማለት ግን ፈጣን ነው። የልጆቹን ድንጋይ ደግ ነገር ነው አላልንም። ነገር ግን ቸርነት እንዲደረግልን ከፈለግን ቢያንስ መቆም ሊኖርብን ነው።

እኛ የቆምነው ግን ወደን አይደለም።

ማክሰኞ ማታ በበቆጂ ከምእመናን ቤት አድረን ረቡዕ ጠዋት ተነሣን። ሜራሮን ካለፍን በኋላ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናብ፣ ከዝናቡም ጋር በረዶ መጣ። ከእኛ አንዱ ከፊቱ ያለውን ጉድጓድ ውኃ ስለ ሞላበት ሳያየው ገባበት። የፊተኛው ቸርኬ ተጣመመ፤ እርሱም በክንዱ ወደቀ። አጥንቱ እንዳልተሰበረ ያወቅነው በማግሥቱ ዶዶላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። መጠለያ ዛፍ እንኳ የለም፤ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው። ያን ጊዜ አንድ ጎልማሳ ከማሳው ማዶ እየጮኸ በእጁ ጠራን። ማን እንደ ሆንን አልጠየቀም። የተጎዳውን ወንድማችንን ይዞ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ እኛም ብስክሌቶቹን በጭቃው ላይ እየጎተትን ተከተልነው።

ቤቱ የእናቱ ነው። እናቱ አረጋዊት የአርሲ እናት ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው። «ኢጆሌ፣ ኢጆሌ» እያሉ፣ ማለትም ልጆች እያሉ፣ እሳቱን አነደዱ፤ የራሳቸውን ጋቢ አውጥተው ለተጎዳው አለበሱት፤ ክንዱን በቅቤ አሹት። እኛም «አዮ» እያልን እንጠራቸው ጀመር። ከዚያም ወተቱን ከጮጮው ቀድተው በእሳት አሙቀው ለሰባታችንም በኩባያ ሰጡን።

ዕለቱ ረቡዕ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ፈገግ ብለህ ይሆናል። እኛን ግን በዚያ ሰዓት ፈገግታ አልመጣንም። እጃችን በብርድ ደንዝዟል፤ ኩባያው ይሞቃል፤ እኒያ እናት ቆመው ያዩናል። ሦስታችን ጠጣን። ሦስታችን ኩባያውን ይዘን ዝም አልን። አንዳችን ግን ወደ በሩ ወጣ ብሎ ዝናቡን የሚያይ መስሎ ወተቱን ከሣሩ ላይ ደፋው፤ ባዶውንም ኩባያ ይዞ ተመልሶ አመሰገነ። የልጃቸው ሚስት እንጨት ይዛ ከጓዳ በኩል ስትመጣ አይታዋለች። ምንም አልተናገረችም። ያ ሰው ከሰባቱ የትኛው እንደ ነበረ እዚህ አንጽፍም፤ «እኛ» ብለን የጀመርነው ለዚህም ይሆናልና።

ከዚያ በኋላ ከእኅቶቻችን አንዷ ኩባያውን በሁለት እጇ አቅርባ በኦሮምኛ «አዮ፣ ዛሬ ጾማችን ነው፤ ወተት አይፈቀድልንም» አለቻቸው። እኒያ እናት ሳቁ። ምነው ቀድማችሁ ባልተናገራችሁ፣ ጾምን እኔም አውቀዋለሁ አሉ። ኩባያዎቹን ሰብስበው የገብስ ቆሎ አቀረቡልን፤ ቡናም ተፈላ። የተመለሰውንም ወተት ከምሰሶው ጀርባ ሆኖ ሲያየን ለቆየ አንድ ትንሽ የልጅ ልጃቸው ሰጡት። ሕፃኑ አንዱን ኩባያ ሳይተነፍስ ጨረሰው። ያን ዕለት በቤቱ የነበረው ወተት ያ ብቻ እንደ ነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ይጀምራል።

የጠጣነው ሦስታችን ስንመለስ በክፍላችን ፊት እንዲህ ብለን ተከራከርን። ፍቅር ከሥርዓት ይበልጣል፤ በግብፅ በረሓ የነበሩ አባቶች እንኳ እንግዳ ሲመጣባቸው ጾማቸውን ፈትተው አብረው ይበሉ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 10 የማያምን ሰው ቢጠራችሁ ያቀረበላችሁን ሳትመረምሩ ብሉ ብሏል አልን። ክርክሩ ደኅና ይመስል ነበር። ነገር ግን የክፍሉ መምህር ሁለት ነገር አሳዩን። በመጀመሪያ፣ ጳውሎስ የተናገረው ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን ስለ ደነገገችው ጾም አይደለም። ሁለተኛ፣ ጾማቸውን የፈቱት አባቶች እንግዳ ተቀባዮቹ ናቸው። ራሳቸው ሊጾሙ የሚወዱትን ስለ ሌላው ሰው ተዉት። እኛ ግን እንግዶቹ ነበርን፤ የተውነው ነገር የለም፤ የተቀበልነው ነው። «ወተቱን የጠጣችሁት ስለ እርሳቸው ብላችሁ ነው ወይስ ስለ ራሳችሁ?» ሲሉን ከሦስታችን አንዱ ጥቂት ዝም ብሎ «ትኩስ ስለ ነበረ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነገር ግን በሁለቱ እሑድ ክርክር ከተነገረው ሁሉ እውነተኛው ቃል ይህ ነበር ብለን እናምናለን።

ያልጠጡት ሦስቱ ደግሞ በዚህ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ዳንኤልንና ጓደኞቹን ጠቀሱ፤ የንጉሡን መብል ትተው ጥራጥሬ በሉ አሉ። ልክ ነው። ነገር ግን ዳንኤል የተወው የባቢሎን ንጉሥ ማዕድ ነው፤ ንጉሡ በዚያ አይራብም አያፍርምም። የድኻ ሴት ኩባያ ከንጉሥ ማዕድ ጋር አንድ አይደለም። ደግሞም ዳንኤል አለቃውን በትሕትና ለመነው፤ እምቢ ብሎ ፊቱን አላዞረም። ከሦስቱም ሁለቱ ኩባያውን ይዘው ከመቆም በቀር ምንም አላደረጉም፤ እኅታችን ባትናገር ኖሮ የት እንደሚደርሱ እንጃ።

የእኅታችን ነገር ግን ልዩ ነው። ጾማችን ነው ማለት በሰው ቤት፣ በሰው እሳት ዳር፣ ሃይማኖቱ ሌላ በሆነ ሰው ፊት ከባድ ነው ብለን ሁላችንም አስበን ነበር። ስድባቸው መስሎን ነበር። ነገሩ ግን እንደ ገመትነው አልሆነም፤ እኒያ እናት ያን ጊዜ ይበልጥ ዘመድ አደረጉን። የሚጾም ሰው የሚጾምን ሰው ያውቃል። ከእሳቱ ዳር ሆነው ስለ ረመዳን አወሩን፤ በክረምት ሲውል ቀኑ ሳይታወቅ እንደሚያልፍ፣ በበጋ ሲሆን ግን ለእረኛ እንዴት እንደሚከብድ ነገሩን። የጠጣነው ሦስታችን ያን ጨዋታ የሰማነው አንገታችንን ደፍተን ነው፤ ምክንያቱም የጾም ነገር ሲነሣ ኩባያችን ባዶ ነበር።

አሁን ወደ ደፋው እንምጣ። የጠጡት ጾም ገደፉ፤ ንስሐ አለው፤ የንስሐ አባታችንም የሚገባውን ቀኖና ሰጥተዋል። የደፋው ግን ጾሙን አልገደፈም! በሥርዓቱ ብንሄድ ንጹሕ ነው። እናትየዋም ባዶ ኩባያ አይተው ደስ ብሏቸዋል። እንግዲያስ ጥፋቱ የት ላይ ነው? ሁላችንም ግን፣ እርሱም ራሱ ጭምር፣ ከሰባቱ ከባዱን ነገር ያደረገ እርሱ እንደ ሆነ ወዲያው አውቀናል። ይህን ያደረገው ክፋት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታን በአገራችን እንደ ትሕትና፣ እንደ ጨዋነት እንቆጥረዋለን፤ ይሉኝታ የሌለውን ሰውም እንነቅፋለን። ቃሉን ግን ቀረብ ብለን ብናየው «ምን ይሉኛል» ማለት ነው፤ ሐሳቡ በሙሉ ስለ ራስ ነው። ያ ወንድማችን በበሩ ሲወጣ ስለ እናትየዋ እያሰበ አልነበረም፤ እናትየዋ ስለ እርሱ ስለሚያስቡት እያሰበ ነበር። እነርሱ የልጅ ልጃቸውን ጉሮሮ ትተው የሰጡትን እርሱ ስሙን ለማዳን ለሣር ሰጠው። ለንስሐ አባቱ ሲናገር ምን እንደ ተባለ አናውቅም፤ የእርሱና የካህኑ ነው። በጥር ወር ግን በሕዝብ መኪና ብቻውን ወደዚያ ቤት ሄዶ እንደ ነበር ሰምተናል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስሕተት የሰባታችንም ነው። ዝናቡ ሲያባራ ልጃቸው ቸርኬውን በድንጋይ ላይ እያስደገፈ በእግሩና በእጁ አቃናልን፤ ለጎሚስታ ባያስመሰግንም ይሽከረከር ነበር። ልንሄድ ስንል 300 ብር አዋጥተን ከምንጣፉ ሥር አስቀመጥን። ይህን ስናደርግ በራሳችን ደስ ብሎን ነበር። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ዳገት ላይ ስንደርስ ከኋላችን የፈረስ ኮቴ ሰማን። የአርሲ ሰው በፈረስ ሲመጣ ለማምለጥ አይታሰብም፤ በብስክሌት፣ በዳገት፣ ያውም በተጣመመ ቸርኬ ከቶ አይታሰብም። ልጃቸው ነው። ገንዘቡን ለእኅታችን ሰጣትና «እናቴ ቤቴን ሆቴል ያደረጉት ለምንድን ነው ብላለች» አለ። የተቆጣ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ከእኛ ጋር በዝግታ እየጋለበ እስከ ዳገቱ ጫፍ ሸኘን፤ ሜዳው ሲጀምር እጁን አንሥቶ ተመለሰ።

ብዙ ጊዜ ያሰብነው ስለዚህ ገንዘብ ነው። ድኻ ለሆነ ሰው መስጠት ምን ክፉ ነገር አለው? ያ ብር ለዚያ ቤት ይጠቅም ነበር፤ ወተት እንኳ ይገዛ ነበር። አንዳንድ የክፍላችን ልጆች እንዲያውም ገንዘቡን ስለ መለሱ ኩራት ነው ብለው ነቅፈዋቸዋል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ገንዘቡን በእጃቸው ብንሰጣቸው፣ ለሕፃኑ ነው ብንል፣ ምናልባት ይቀበሉ ነበር። እኛ ግን ከምንጣፍ ሥር ደብቀን ሄድን። ለምን ደበቅነው? ባለ ዕዳ ሆነን መሄድ ስላልቻልን ነው። ከዚያ ቤት ወጥተን ዳግመኛ ላናስበው፣ ሒሳቡን ዘግተን ልንገላገል ፈልገን ነው። ለመክፈል መቸኮል አንዳንድ ጊዜ ምስጋና ሳይሆን ሽሽት ነው።

እንግዲያስ ዕዳው በምን ይከፈላል? ስለዚህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያናችን ከመጽሐፍ በፊት በኑሮዋ መልስ ሰጥታለች እንላለን። የቆሎ ተማሪውን እናስብ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ ከአገሩ ርቆ በማያውቀው መንደር ውሻ እየነከሰው «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ቁራሽ የምትሰጠው ሴት ስሙን አታውቅም። ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውን ለመማር ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ በዚያም ዘመን ሁሉ የሚመግበው የማያውቀው ሰው ነው። ሊቅ ሲሆን ግን ወደዚያች ሴት ተመልሶ ዕዳውን አይከፍልም፤ ምናልባት አትኖርም፤ ብትኖርም አያውቃትም። ሌላ አገር ሄዶ ሌላ ሕዝብ ያስተምራል፤ በጉባኤውም ለሌላ የቆሎ ተማሪ ቦታ ይሰጣል። ዕዳው ወደ ኋላ አይመለስም፤ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ዛሬ በመቅደሳችን የምንሰማው ዜማ በእንዲህ ያለ ቁራሽ ላይ የቆመ ነው።

ይህ መልስ ደስ አሰኝቶን ነበር። ኤልያስንም በሰራፕታ አስበን ራሳችንን ልናጽናና ሞከርን፤ ነቢዩ የመበለቲቱን የመጨረሻ ዱቄት በልጇ ፊት ተቀብሏልና። ነገር ግን ኤልያስ ዱቄቱ እንደማያልቅ ከእግዚአብሔር ተልኮ ተናገረ። እኛ ይዘን የሄድነው የተጣመመ ቸርኬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ አለ፤ በሹክሹክታ ስለሚነገር በግልጥ ብናነሣው ይሻላል። በቅርብ ዓመታት በአርሲ በምእመናን ላይ የደረሰውን ኀዘን አንባቢ ያውቃል። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር በሽርካ ወረዳ ምእመናን መገደላቸውን ሀገረ ስብከታችን አስታውቋል፤ በክፍላችን መካከል ዘመድ የተቀበረበት አለ። ከእነርሱ አንዱ ይህን ጽሑፍ ሳይታተም አንብቦ «በዚህ ጊዜ ስለ አንድ ኩባያ ወተት መጻፍ ምን ይባላል?» ብሎናል። ጥያቄው አስደንግጦናል፤ ጽሑፉንም ሁለት ሳምንት አቆይተነዋል። ወተቱ ያን ደም ያጥባል አንልም፤ አያጥብም። እኒያ እናት ስለ ገዳዮቹ መልስ የሚሰጡ አይደሉም፤ እኛም በእርሳቸው ስም ለማንም ይቅርታ ልንናገር አንችልም። ነገር ግን በሰፈሩ ስለሚኖር ሕዝብ ሁሉ አንድ ቃል ሲነገር በሰማን ቁጥር ያ ቤት ትዝ ይለናል፤ ትዝ ሲለንም ዝም ማለት ወተቱን ሁለተኛ ጊዜ መድፋት ይሆንብናል። ለወንድማችን ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘንም። እርሱም አልተቀበለንም፤ ይሁን እንጂ አትሙት ብሏል።

በትርጓሜ ስለ አብርሃም የሚነገር አንድ ነገር አለ። አብርሃም ያለ እንግዳ አይበላም ነበር፤ ሰይጣን ግን በመንገድ ቆሞ «አብርሃም እንግዳ መደብደብ ጀምሯል» እያለ መንገደኛውን ሁሉ መለሰበት። አብርሃም ሦስት ቀን ሳይበላ ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ነው በዘፍጥረት ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው ሦስቱ እንግዶች የመጡት። ልጆች ሆነን ስንሰማው የምናስበው የአብርሃምን ረኃብ ነበር። ዛሬ ግን የምናስበው መንገዱን ነው። ሰይጣን አብርሃምን ንፉግ ማድረግ አልቻለም፤ ስለዚህ መንገዱን አስፈራ። መንገዱ ሲፈራ ቸር ሰው ቢኖርም ቸርነቱ ተቀባይ የለውም። እኛ በ2012 ዓ.ም. የሄድንበትን መንገድ ዛሬ እንሂድበት ብንል ወላጆቻችን አይፈቅዱም፤ አንፈርድባቸውም። እኒያም እናት ዛሬ ከማሳቸው ማዶ ሰባት የማያውቋቸው ወጣቶች ቢያዩ ልጃቸው እንዲጠራቸው ይፈቅዱ ይሆን? ይፈቅዳሉ እንላለን፤ ነገር ግን በዚያ ቀን እንዳደረጉት ሳያስቡ አይሆንም። የጠፋው ትልቁ ነገር ይኸው «ሳያስቡ» የሚለው ሳይሆን አይቀርም።

አሁን የቀረው የራሳችን ነገር ነው፤ ባንጽፈው እንወድ ነበር።

ዕዳው ወደ ፊት ይሄዳል ብለን በክፍላችን በተናገርን በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ከገጠር የመጣ ሰው ሚስቱን ወደ ሆስፒታል አምጥቶ፣ እርሷ ተኝታ እርሱ ማደሪያ አጥቶ፣ በምሽት ወደ አዳራሻችን ደጃፍ መጣ። እኛ ለዝማሬ ጥናት ተሰብስበን ነበር። ከሰባቱ አራታችን ነበርን። የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ አለ። አዳራሹ የጉባኤው እንደ ሆነ፣ ቁልፉን ያለ ደብዳቤ መስጠት እንደማይቻል፣ ነገ ጠዋት ጸሐፊው ሲመጣ ማመልከት እንደሚችል በትሕትና ነገርነው። በእውነት በትሕትና ነው የነገርነው። አመስግኖን ወጣ። ጠዋት የመጣችው እኅታችን፣ ያችው ስለ ጾሙ የተናገረችው፣ በበረንዳው ላይ ካርቶን ተነጥፎ አየች፤ ሰውየው አልነበረም። ሁለታችን ሆስፒታሉ ድረስ ሄደን ፈለግነው፤ ስሙን ስላልጠየቅነው በምን ብለን እንጠይቅ? ሰው በሞላበት ግቢ ዞረን ተመለስን።

እኒያ እናት ጉባኤ አልነበራቸውም፤ ጸሐፊም፣ ደብዳቤም፣ አዳራሽም አልነበራቸውም። አንድ እሳት ነበራቸው። ይህን ስንል ሥርዓት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚገለገልበት ቤት ያለ ቁልፍ አይጠበቅም፤ የሚሰርቅም አለ። ነገር ግን በዚያ ሌሊት ከአራታችን አንዳችን እንኳ ወደ ቤቱ ይዞት መሄድ ይችል ነበር። ሰውየው የለመነው አዳራሹን አይደለም፤ ማደሪያ ነው። ስለ አዳራሹ የተናገርነው እኛ ነን።

ነገሩን ለጉባኤው አመለከትን። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ አንዳንድ አባቶች ነገ ሙሉ ከተማው ይመጣል አሉ። በመጨረሻ ከአዳራሹ ጎን ያለችው የዕቃ ክፍል ለታማሚ አስታማሚዎች እንድትሆን ተፈቀደ። ሁለት ፍራሽና አራት ብርድ ልብስ ተገዝቷል፤ የዝማሬ ክፍሉም አንድ ድስትና አንድ ማንቆርቆሪያ ሰጥቷል። ቁልፉ ከጥበቃው ዘንድ ነው፤ ደብዳቤ አይጠየቅም፤ ስም ብቻ ይጻፋል። እስካሁን ዐሥራ አንድ ሰው አድሮባታል፤ ከእነርሱም አራቱ ሙስሊሞች ናቸው። ከዐሥራ አንዱ አንዱ ድስቱን ይዞ ሄዷል።

ስለ ድስቱ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንነጋገራለን። ሌላ ድስት ይገዛ የሚሉ አሉ፤ ክፍሏ ትዘጋ የሚሉም አሉ። ሐሳብ ያላችሁ ሁሉ እንድትገኙ እንለምናለን፤ በቤቱ ትርፍ ድስት ያለውም ቢያመጣ አንከለክልም።